ኬብሉ ነው

ሰኞ 3

ዛሬም ደረቀ። ጋሼ ፓምፕ ቀይሮ ሊጨርስ ሲል ስክሪኑ ባለበት ቀረ፤ ቢጽፍበት አይቀበል፣ ቢጠብቀው አይነቃ። ሮጬ ስደርስ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ተቀምጧል። "አሮጊቷ አኮረፈች" አለኝ። ኮንትሮልንና ኪውን አንድ ላይ ስነካ ታፍኖ የነበረው ጽሑፍ ተግተልትሎ ወረደ።

ለአለቃችን የሰጠሁት ሪፖርት "የኬብል ችግር ሊሆን ይችላል" ይላል። ኬብል ነው። ያን ያህል ዘመን ያገለገለ ኬብል ምን ይጠበቅበታል?

ማታ

የጥገና ሠራተኛ ነገርን ከሥሩ ካልጻፈ አይሆንለትም። የውሃ ማጣሪያችን ፓምፖችና ቫልቮች የሚታዘዙት በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። እሱ ምድር ቤት ተቆልፎበታል። እኛ የምናናግረው ፎቅ ላይ፣ መቆጣጠሪያ ክፍል ባለችው ስክሪንና ኪቦርድ ነው፤ ኮንሶል እንላታለን። በመካከላቸው አንድ ሲሪያል ኬብል ብቻ አለ፤ የነካነው ፊደል ሁሉ በዚያች ቀጭን መንገድ ተራ በተራ ያልፋል። ኮንትሮል የሚባለውን ቁልፍ ይዘው ፊደል ከነኩ ግን ፊደልነቱ ይቀርና ትእዛዝ ይሆናል። ኤክስ፦ ጨርሻለሁ፣ ገጹን ዝጋ። ኤስ፦ ዝም በል። ኪው፦ ተናገር። ሲ፦ የጀመርከውን አሁኑኑ ተው።

ጋሼ በየሥራው መጨረሻ የሚነካው ኮንትሮልና ኤክስን ነው። ስክሪኑ የሚደርቀው ግን ኤስ ሲደርሰው ነው። ታዲያ ኤሱን ማን ላከው? ያረጀ ኬብል ያልተላከ ነገር ያመጣል፤ ይህን ያስተማረኝ ራሱ ጋሼ ነው።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። እናትና አባታችን ሲሞቱ አሳደገኝ፣ እዚህ መሥሪያ ቤት አስገባኝ፣ ዓይኔን በሻሽ አስሮ ኪቦርድ አስለመደኝ። ባሌን ስፈታ ደግሞ ግቢው ውስጥ ያለችውን ክፍል ሰጠኝ፤ "እስክትረጋጊ" ብሎ። ይኸው ዓመታት አለፉ፣ እየተረጋጋሁ ነው።

ረቡዕ 5

ኬብሉን ቀየርኩ። ጫፎቹን ራሴ በየድኩ፣ አንድ በአንድ ለካሁ። ጋሼ ከኋላዬ ቆሞ "አሁንማ ሠርግና ምላሽ ነው" ሲል የጠበቀውን ብሎን ደግሜ አጠበቅኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቀላል ሥራ ነበር።

ፈረቃ የሚጋራው ልጅ መጣ። ቀጭኑ እንለዋለን፤ በበር ክፍተት የሚያልፍ ሰውነት፣ በር የማይበቃው አፍ ነው ያለው። "በኔ ፈረቃ ለምን አይደርቅም ግን?" አለኝ።

"ዕድልህ ነው።"

አየኝ። ቀጥሎ የጋሼን ወንበር አየ። "እሺ፣ ዕድሌ ነው" አለና ጃኬቱን ሰቀለ።

አርብ 7

ደረቀ። በአዲሱ ኬብል።

ኪቦርዱ ነው እንግዲህ።

ቅዳሜ 8

ምሳ እነሱ ቤት በላሁ። እትዬ፣ የጋሼ ሚስት፣ ሻዩን እስከ ግማሽ ብቻ ቀዳችለት። "ሙሉ አድርጊለት እንጂ፣ እንግዳ ነው እንዴ?" ብላት "ትኩስ አይወድም" አለችኝ። እኔ እስከማውቀው ምላሱን እያቃጠለ የሚጠጣ ሰው ነበር። ሰው በዕድሜ ይለወጣል።

አገጩን ሲላጭ ሁለት ቦታ ቆርጦታል። ቁልፍ ያለው ሸሚዙን ትቶ ደግሞ በአንገት የሚጠለቅ የወጣት ሹራብ ለብሷል። "ምነው ጋሼ፣ ጎረምሳነት አማረህ?" ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ። እትዬ አልሳቀችም፤ ዳቦውን ለሁላችንም ቆርሳ ስትጨርስ የሱን ደግማ በትንሽ በትንሹ ቆረሰችው።

ሥራው አድክሞታል። ዝናብ ሲበዛ ውሃው ይደፈርሳል፣ ገንዳ በየጊዜው ይታጠባል፣ ፓምፕ በየጊዜው ይቀየራል። ማንንም ያደክማል።

ሰኞ 10

አዲስ ኪቦርድ ተከልኩ። ጋሼ አልወደደውም። "ገና ሳልነካው ይሄዳል" አለ። ከምሳ በፊት ደረቀ። ከምሳ በኋላም።

አለቃችን አስጠራኝ። በሌለበት አቶ ይሁና ነው የምንለው፤ የተስማማበትንም ያልተስማማበትንም "ይሁና" ብሎ ነው የሚዘጋው። "ኬብል አልሽ፣ ገዛን። ኪቦርድ አልሽ፣ ገዛን። ቀጥሎ ሕንፃውን ልንለውጥልሽ ነው?"

"የኤሌክትሪክ ጫጫታ ይኖራል፣ ከሌላ ዕቃ ወደ ኬብሉ የሚገባ ረብሻ፤ ልፈትሽ።"

"ይሁና።"

ረቡዕ 12

ከአቶ ይሁና ቢሮ ላፕቶፕ ተውሼ በኬብሉ መሃል አስገባሁ። ከኪቦርዱ የሚወጣው ሁሉ በቁጥር ሆኖ እየታየኝ ቀኑን ሙሉ ጎኑ ተቀመጥኩ። ኤክስ ሃያ አራት ናት። ኤስ አሥራ ዘጠኝ። ጋሼ ሥራውን ሲጨርስ አሥራ ዘጠኝ መጣ፣ ወዲያው ሃያ አራት፣ ሃያ አራት፣ ሃያ አራት። ስክሪኑ ደረቀ። "አየሽ?" አለኝ፤ "ራሱ ነው።" "አየሁ" አልኩት።

የተበላሸ ኬብል የሚያመጣውን አውቃለሁ። ቆሻሻ ነው የሚያመጣው፤ የተቆራረጠ፣ ትርጉም የሌለው ምልክት። ይሄ ንጹሕ ነው። ኪቦርዱ ላይ ኤስ ያለችው ከኤክስ በላይ ነው፤ ሲ ከጎኗ ናት። ይህን የምጽፈው ስለ ኪቦርዱ አሠራር ነው።

በሪፖርቱ ላይ "ጫጫታው ከፓምፕ ሞተሮች ሊሆን ይችላል" አልኩ። ነገ ደግሞ ሞተር ለሞተር ስዞር ልውል ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ላፕቶፑን መለስኩ፤ የተመዘገበውንም አጠፋሁ። የሰው ላፕቶፕ ቆሻሻ ሞልተው አይመልሱም።

አርብ 14

ደረቀ። ፓምፑ ግማሽ መንገድ ላይ ጠበቀ።

አቶ ይሁና ሰብስቦን "ከዛሬ ጀምሮ በማን እጅ እንደቆመ ይመዘገባል" አለ። ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። በኋላ በኮሪደር ሳልፍ የአቶ ይሁናን ድምፅ ከቢሮው ሰማሁ፤ ስልክ ላይ ነው። "ሽማግሌውንማ ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀምጠን ጡረታውን እናስጠብቀዋለን። ሌላ አንድ ጊዜ ብቻ ይቁም።"

ዕቃ ግምጃ ቤት። ብሎን ሲቆጥር። ያንን ወንበር ከሱ በፊት የተቀመጠበት ሰው የለም። ዝናቡ በዘነበ ቁጥር ሌሊት ተነስቶ መስኮት ከፍቶ የሚያዳምጥ ሰው ነው፤ ውሃው እንዴት እንደሚመጣ በድምፁ ያውቃል። ያንን ቢቀሙት ምን ይቀረዋል? እኔስ? ጠዋት አብረን ወጥተን ማታ አብረን ስንገባ ነው ሰው የምመስለው። እፈራለሁ። ይኸው ጻፍኩት፣ እፈራለሁ።

እሑድ 16

ቀኑን ሙሉ አልጋዬ ላይ። ዝናብ። ልብስ አልታጠበም፣ ራሴም አልታጠብኩም።

መፍትሔ አለ። ኮምፒውተሩ አንድን የቁልፍ ትእዛዝ ቸል እንዲል በአንድ መስመር ይነገረዋል። "ኤስ ስትመጣ አትስማት።" አለቀ። መስመሩ የሚኖረው ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ ብቻ ነው፤ ጠፍቶ ሲነሳ ይረሳዋል፣ የትም አይመዘገብም። ቸል ለማለት ደግሞ ኤስ ከየት እንደመጣች ማወቅ አያስፈልግም። ከኬብል ትምጣ፣ ከሞተር ትምጣ፣ ምን ቸገረኝ።

ማንንም አይጎዳም። ኤስን አውቆ የሚጠቀም ሰው እዚህ የለም።

ሰኞ 17

ከፈረቃ በፊት ገብቼ ጻፍኩት። አንድ መስመር። እጄን ታጥቤ ሻይ ጠጣሁ።

ቅዳሜ 22

ሳምንቱን ሙሉ አንዴም አልደረቀም! ጋሼ በኮሪደሩ እያፏጨ ነው የሚሄደው። ያገኘውን ሁሉ ትከሻውን እየመታ "እህቴ አገኘችው፣ ኬብሉ ነበር!" ይላል። አቶ ይሁና ሳይቀር "ይሁና!" አለ፤ በደስታ ሲለው ለካ ሌላ ቃል ነው የሚመስለው።

ቀጭኑ ኩባያውን አንስቶ "ለኬብሉ!" አለኝ። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ዝቅ ብሎ፣ "እትዬ ጥገና፣ ጋሼን ሐኪም ቢያየው አይሻልም?" "ጤነኛ ነው፣ ምን ሆነ?" አልኩት፤ ሳላስበው ጮህኩበት። እጁን ወደ ላይ አንስቶ ሄደ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ አፉ ነው ችግሩ።

ማክሰኞ 25

ሲ።

ዛሬ ደግሞ ሲ መጣች። ጋሼ ፓምፕ ሲቀይር ሥራው መሃል ላይ ተቋረጠ፤ አሮጌው ጠፍቷል፣ አዲሱ አልተነሳም። የከተማው ግማሽ እስከ ቀትር ያለ ውሃ ዋለ። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጮኸ።

ሁሉም ሲወጣ ጋሼ በሹክሹክታ "ኤክስ ነው የነካሁት" አለኝ።

"አዎ።"

"ኤክስ ነው አይደል የነካሁት?"

"አዎ ጋሼ፣ ኤክስ ነው።" አጠገቡ አልነበርኩም።

አቶ ይሁና ዛሬ "ይሁና" አላለም። "የመጨረሻ ነው" አለ።

ረቡዕ 26

ሲንም ዘጋሁት።

ቀላል ሆኖልኝ አይደለም፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ ሆኖ ብዙ ቆየሁ። ኤስ ሌላ፣ ሲ ሌላ። ገና ጀማሪ ሳለሁ ጋሼ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር፦ "መጀመርማ ማንም ይጀምራል። ኦፕሬተር የሚባለው ማቆም የሚችል ነው።" ግን እስቲ ልጠይቅ፣ ሲ ለእውነተኛ አደጋ የተነካችው መቼ ነው? እኔ አላየሁም። ቀጭኑም አላየም። እጥበቱም ፓምፑም ጊዜው ሲደርስ በራሱ ይቆማል። ደግሞስ ለጥቂት ቀን ነው፤ ዝናቡ ጋብ እስኪል፣ ጋሼ እስኪያርፍ።

ለጋሼ አልነገርኩትም። ብነግረው ለምን ይለኛል። ለቀጭኑም አልነገርኩትም፤ እሱማ ለምን አይለኝም።

እሑድ 30

እትዬ ልብስ ማስጫው ሥር ያዘችኝ። "አንቺን ይሰማል፤ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።"

"ድካም ነው እትዬ። ዝናቡ ይለፍ።"

"ድካም ማታ ይመጣል፣ ጠዋት ይሄዳል" አለችኝ። እርጥቡን ሹራብ ጨምቃ ሰቀለች። "እኔ ስነግረው ይቆጣል። አንቺ ምንም አላየሽም ብሎ ነው የሚጽናናው። እሷ ካላየች የለም ይለኛል።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ግን ምን ልበላት? ለነገ ሥራ አለኝ ብዬ ገባሁ።

ማክሰኞ 2

ቀጭኑ ተርፏል። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ። ተርፏል፣ ተርፏል።

ሌላውን አሁን አልችልም።

ማታ

ሆስፒታል ነበርን። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ብዙ ውሃ ጠጥቷል። እናቱ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ጫማውን ታቅፋ ነበር፤ አንዱን ጫማ ብቻ፣ ሌላው ገንዳው ውስጥ ቀርቷል።

የሆነው ይህ ነው። ቀጭኑ ፈረቃውን አስረክቦ ሲወጣ የእጅ ባትሪው ባዶው ገንዳ ውስጥ ወደቀበት። ለማንም ሳይናገር በመሰላሉ ወረደ፤ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ መስሎት። ላይ ጋሼ፣ እንደ ተራው፣ የዚያኑ ገንዳ እጥበት ጀመረ። እጥበት ማለት ውሃው ከታች በአሸዋው ውስጥ በኃይል ተገፍቶ መምጣት ነው፤ ሰው አይቆምበትም። ዘበኛው አይቶ ከታች ደወለ፦ "ሰው አለ! ገንዳው ውስጥ ሰው አለ፣ አቁሙት!"

ጋሼ ኮንትሮልንና ሲን ነካ። አልቆመም። ነካ። አልቆመም። ደጋግሞ ነካ። ከዚያ ትቶት ደረጃውን ሮጦ ወረደና የቫልቩን ጎማ፣ ያንን ትልቅ የብረት መዘውር፣ በእጁ አዙሮ ዘጋው። ያ ጎማ ሁለት ጎልማሳ ያስጨንቃል። እኔ ጩኸቱን ሰምቼ ከሌላው ሕንፃ ስደርስ ጋሼ ጎማው ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል፣ ቀጭኑን በገመድ ያወጡታል፣ እግሩ በመሰላሉና በግድግዳው መካከል ገብቶ ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል።

አቶ ይሁና በድንጋጤ "ሁሉንም አጥፉ!" አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍተው እንደገና አስነሱት።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ሴትዮዋ እኔ ነኝ።

ሐሙስ 4

መርማሪው መጣ። ጸጥ ያለ፣ ጨዋ ሰው። ሁላችንንም ኮንሶሉ ዙሪያ አቆመን። ጋሼ የሆነውን ነገረው፦ "ኮንትሮልና ሲ ነካሁ። ደጋግሜ። እምቢ አለኝ።"

መርማሪው ተቀመጠ። ባዶ ገንዳ መርጦ እጥበት አስጀመረ፤ ኮንትሮልና ሲ ነካ። ቆመ። እንደገና አስጀመረ፣ እንደገና ነካ። ቆመ። "ይሠራል" አለ፤ ክፋት የለበትም፣ ያየውን ነው ያለው።

ሠራ እንጂ ምን ያድርግ። ሲጠፋና ሲነሳ የኔን መስመር ረስቶታል።

ጋሼ እጆቹን ከብብቱ አወጣ። ሰው ፊት አውጥቶ አያቸው። ይንቀጠቀጣሉ። ጻፊው እንግዲህ፦ የጋሼ እጆች ይንቀጠቀጣሉ። ከዝናቡ በፊት ጀምሮ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሻዩም፣ ምላጩም፣ ሹራቡም፣ ሁሉም እሱ ነበር፤ ኬብሉም እሱ ነበር።

"እንግዲያው እኔ ነኝ" አለ። "ስቼዋለሁ። ሰው ገንዳ ውስጥ እያለ ቁልፉን ስቼዋለሁ።"

ከኋላው ነበርኩ። ትከሻውን ልነካው እችል ነበር። አፍ ነበረኝ፣ ድምፅ ነበረኝ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። መርማሪው "የምትጨምሩት አለ?" ብሎ ሁላችንንም በተራ አየን። እኔ ጋ ሲደርስ ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ።

ምነው ያኔ ገንዳው ውስጥ እኔ በነበርኩ።

ቅዳሜ 6

ጋሼ መልቀቂያውን አስገባ። ፊርማው አይነበብም፤ አቶ ይሁና ወረቀቱን አገላብጦ "ይሁና" አለ፣ ቀስ ብሎ።

ከሰዓት ቀጭኑን ልንጠይቅ አብረን ሄድን። ጋሼ አልጋው አጠገብ ቆሞ "ልጄ፣ ይቅር በለኝ" አለው። ቀጭኑ ዓይኑ እንባ ሞላ። "ምን ይቅርታ አለው ጋሼ? ሳልናገር የገባሁት ጅል እኔ! ያን ጎማ ባይዘጉት ኖሮ እናቴ ዛሬ ጥቁር ለብሳ ነበር።"

ጋሼ ይህን የሰማ አይመስለኝም። ሲወጣ በሩን በትከሻው ገፍቶ ነው የከፈተው።

እስከ ትናንት ኩባያውን በሁለት እጁ ይይዝ ነበር፤ ያፈሳል ግን ይይዝ ነበር። ዛሬ አልሞከረውም። እትዬ አጎረሰችው። ቀስ እያለ በሚመጣ በሽታ መካከል እኔ አንድ ቀን ዘልዬ ገብቼ፣ የቀረችውን እምነት ከእጁ ወሰድኩ። ያን ቀን ጣቱ አልሳተም። በድንጋጤ መሃል፣ በዚያ እጅ፣ ሲን በትክክል አገኛት። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

ሰኞ 8

አቶ ይሁና ቢሮ ገብቼ ሁሉን ተናገርኩ። ቆሜ። መስመሩን፣ ቀኑን፣ ምክንያቱን።

አዳምጦኝ ሲያበቃ መነጽሩን አወለቀ። "ሐሙስ ዕለት እዚያው ነበርሽ።"

"ነበርኩ።"

"ሲጠየቅ ዝም አልሽ።"

"ፈራሁ።"

"አሁን እሱ ከለቀቀ በኋላ መጣሽ።" ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሊለኝ ነበር፣ ዋጠው። "ስሚኝ፣ ወንድምሽ ነው። እኔም ወንድም አለኝ። ለሱ ስትይ ጥፋቱን ልትሸከሚ መጣሽ፤ ይገባኛል።"

"እሺ ይምጡ፣ ላሳይዎት። አሁኑኑ መስመሩን ጽፌ ሲ እንዳትሠራ አደርጋለሁ።"

"ማድረግ እንደምትችዪማ ማን ካደ? አንቺ ያቃተሽ ነገር አለ እንዴ?" ወደ መስኮቱ ዞረ። "ለሰውየው የተረፈው ክብሩ ነው፤ አምኖ፣ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ተዪው ይረፍበት። ሪፖርቱ ተልኳል። ይሁና በቃ።"

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን አስቀምጣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለችኝ፤ ምን እንደሆንኩ ሳትጠይቅ። ነገሩ እያደረ ሲጠራ አላየሁም። እያደረ ሲደርቅ ነው ያየሁት።

ማክሰኞ 9

ነገርኩት።

እራት ሊቀርብ ሲል ገባሁ። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል፤ ውጭ ዝናብ አለ፣ መስኮቱ ተዘግቷል። እትዬ ማድ ቤት ነበረች። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ "ጋሼ፣ ያን ቀን በትክክል ነው የነካኸው" አልኩት። እንዳያቋርጠኝ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ አወጣሁት። ረቡዕ ጠዋት ገብቼ ሲን እንደዘጋሁት። ሲጠፋ መስመሩ እንደጠፋ። መርማሪው ሲሞክር ለምን እንደሠራለት። አንድም ቁልፍ እንዳልሳተ።

አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ሲያየኝ ፈገግ ብሏል። በልጅነቴ ወድቄ ጉልበቴ ሲላጥ የሚያየኝ አስተያየት ነው።

"መጀመሪያ ኬብል" አለ። "ቀጥሎ ኪቦርድ። ከዚያ የኤሌክትሪክ ጫጫታ። አሁን ደግሞ አንቺ።"

"እውነቴን ነው ጋሼ።"

"አውቃለሁ። ለኔ ስትዪ የማትሆኚው ነገር የለም።"

"በእናታችን ሞት!"

"እናታችንን ተዪያት።"

"ጽፌዋለሁ። ያን ዕለት የጻፍኩት ደብተር አለኝ፣ ላምጣልህ፣ አንብበው።"

"አታምጪው።" ድምፁ ከፍ አለ፣ ወዲያው ዝቅ። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። እጄን ያየሽው መቼ ነው?"

መልሱ ነበረኝ። ቀኑን ሳይቀር አውቀዋለሁ። "ደብተሩን ላምጣልህ" አልኩት እንደገና።

"ያን ሁሉ ጊዜ ጎኔ ቁጭ ብለሽ 'ኬብሉ ነው' ስትዪኝ፣ እኔም እያወቅሁ 'ኬብሉ ነው' ስል..." ራሱን ነቀነቀ። "ደህና ነበርን እኮ። ለኔ ብለሽ መሆኑን አውቅ ነበር። አሁንም ለኔ ብለሽ ነው። ግን በቃ፣ እህቴ። አሁን ደክሞኛል፤ ልመንሽ ብልም አልችልም።"

ከዚህ በላይ ምን ልበለው? አለቀስኩ፣ ማልኩ፣ ጉልበቱን ያዝኩ። "እሺ፣ እሺ" አለኝ፣ ልጅ እንደሚያባብሉ። ፀጉሬን ሊዳብሰኝ እጁን አነሳና መንገድ ላይ መለሰው።

ወደ ማድ ቤት ዞሮ እትዬን ተጣራ፤ "እሷም አልበላችም መሰለኝ፣ ለሷም ጨምሪ።"

እትዬ ሁለት ሰሐን ይዛ መጣች። አንዱን እኔ ፊት አስቀምጣ ከሌላው በማንኪያ ቀዳች፣ እፍ አለችበት። ጋሼ እጁን ሳያነሳ አፉን ከፈተላት። እኔም ማንኪያዬን አንስቼ በላሁ።